የዋርካው ሥር ሁለት ቤዝ ነው፦ ለአሰልጣኙ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ቅዳሜ ከጣና ዳር ባለው ሜዳችን የልጆች ቤዝቦል ስዳኝ የሰጠሁትን አንድ ውሳኔ በመቃወም የተሸነፈው ቡድን አሰልጣኝ ረዘም ያለ ጽሑፍ ጽፈዋል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስድብ የለበትም፤ ልጆቹን የሚወድ ሰው ተቆጭቶ የጻፈው እንደሆነ ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። እርሳቸው ስሜን አልጠሩም፣ እኔም ስማቸውን አልጠራም። ክርክራችን በደንብ ላይ ነውና እዚያው ላይ ይቆይ።

የጽሑፋቸው ጭብጥ ባጭሩ ይህ ነው። የሜዳ ደንብ፣ ማለትም ከጨዋታ በፊት ለዚያ ሜዳ ብቻ የምንስማማበት ደንብ፣ ለማገዝ ያህል የሚቀመጥ ነገር እንጂ ሕግ አይደለም፤ ዳኛ መፍረድ ያለበት በዓይኑ ያየውንና ሊሆን የነበረውን ነው፤ እኔ ግን ደንቡን ሙጥኝ ብዬ ግልጽ የነበረ ነጥብ ከለከልኩ። ደግሞም ወጥነት የለኝም ይላሉ። ለበደልኩት መካስ ሲገባኝ አልካስኩም ይላሉ። ትልቁ የአሜሪካ ሊግ እንኳ ከደንብ ፊደል ይልቅ መንፈሱን ያያል ይላሉ። ጨዋታ ጨዋታ ነው፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላሉ። በመጨረሻም የሜዳ ደንብ የሚባለው ከነጭራሹ ይቅር ይላሉ። በየተራው እመልሳለሁ። አንዱ ላይ እርሳቸው ልክ ናቸው፤ እሱንም ሳልሸፋፍን እናገራለሁ።

መጀመሪያ እዚያ ላልነበረ ሰው የሆነውን ልንገር።

ሜዳው ለቤዝቦል የተሠራ አይደለም። ቤዝቦል ባሕር ዳር ውስጥ ገና ጥቂቶች የምንጫወተው ጨዋታ ነው። ጓንቱ ከልጆቹ ቁጥር ስለሚያንስ ተራ ሲለዋወጥ አንዱ ቡድን የያዘውን ጓንት ሣሩ ላይ ለሌላው ትቶለት ይወጣል። ስለዚህ በተገኘው ገላጣ ቦታ እንጫወታለን። መቺው ከሚቆምበት ከሆም ሲታይ በግራ በኩል ወደ ኋላ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፤ ሥሮቹ ከመሬት በላይ ወጥተው እርስ በርሳቸው ተጠላልፈዋል። በቀኝ በኩል ባጃጅ የሚመላለስበት መንገድ ያልፋል። ከወዲያኛው ጫፍ ደንገልና ረጅም ሣር የበቀለበት ረግረግ ነው። ከብት ሲግጥ ይገባበታል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ ወደ ላይ የተመታች ኳስ የት እንደምታርፍ መገመት ከባድ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ሁለት ቃል ልጨምር። መቺው በዱላ ከመታ በኋላ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ቤዝ እየረገጠ ዞሮ ሆም ከደረሰ አንድ ነጥብ ነው። የሚመታው ቡድን ሦስት አውት ሲሞላበት፣ ማለትም ሦስት ልጅ ከጨዋታ ሲወጣበት፣ ተራው ይለወጣል፤ ሁለቱም ቡድን አንድ አንድ ተራ ሲመታ አንድ ኢኒንግ ይባላል።

ያን ዕለት ጠዋት ሁለቱ አሰልጣኞችና እኔ ሆም ላይ ቆመን ስለ ሜዳው ተስማማን። ኳስ በዋርካው ሥሮች መሃል ከተቀረቀረችና የኋላ ሜዳው ልጅ ሁለት እጁን ወደ ላይ ካነሳ ኳሷ ትሞታለች፣ ማለትም ጨዋታው እዚያው ይቆማል፤ መቺውም በቤዝ ላይ ያለ ሯጭም ሁለት ሁለት ቤዝ ያገኛሉ። ልጁ እጁን ሳያነሳ ገብቶ ካወጣት ግን ጨዋታው ይቀጥላል። ነጥራ ባጃጅ መንገዱ ወይም ረግረጉ የገባች ኳስ ሁለት ቤዝ ናት፤ ሳትነጥር የተሻገረች ሆምረን ናት፣ መቺውም ሯጮቹም ሁሉ ሆም ይገባሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሰባተኛውና የመጨረሻው ኢኒንግ ላይ የአሰልጣኙ ቡድን በአንድ ነጥብ እየተመራ ይመታል። ሁለት አውት ሞልቷል፤ አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ አለ። መቺው ኳሷን አግኝቶ መታት፤ መሬት ለመሬት እየነጠረች ሄዳ ዋርካው ሥር ገባች። የኋላ ሜዳው ልጅ ደርሶ፣ አጎንብሶ አይቶ፣ ሁለት እጁን አነሳ። ሯጩ ግን ሁለት አውት ስለሆነ ገና ኳሷ ስትመታ ነው የተነሳው፤ እጁ ሲነሳ ሦስተኛውን ቤዝ ዞሮ ወደ ሆም እየበረረ ነበር። ሮጬ ዋርካው ድረስ ሄድኩ። ኳሷ በሁለት ሥሮች መካከል ተሰክታለች። ተመልሼ ሯጩን ሦስተኛ ላይ፣ መቺውን ሁለተኛ ላይ አቆምኩ። ቀጣዩ መቺ ኳሷን ወደ ላይ ሰቀላት፣ ተያዘችበት፣ ጨዋታው አለቀ። ሯጩ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አይቼዋለሁ፤ ሳስበው አሁንም ሆዴን ይበላኛል።

እንግዲህ ወደ ነጥቦቻቸው።

የመጀመሪያው ነጥባቸው ከሁሉ የከበደው ነው። «ሯጩ ሆም እንደሚገባ ሜዳ ያለ ሰው ሁሉ አይቷል፤ ዳኛው ያየውን ለምን አልፈረደም?» ብለዋል። እውነት ነው፣ አይቻለሁ። ኳሷ ባትቀረቀር ልጁ ይገባ እንደነበር አልክድም። ሆኖም ቤዝቦል «ሊሆን የነበረውን» እንድፈርድ የፈቀደልኝ ቦታ አለ፤ ያልፈቀደልኝም ቦታ አለ። ሁለቱንም የለየው ዋናው የሕግ መጽሐፍ እንጂ እኔ አይደለሁም። ተመልካች እጁን ዘርግቶ ወይም ሜዳ ውስጥ ገብቶ በጨዋታ ላይ ያለች ኳስ ቢነካ፣ ኳሷ ትሞትና ዳኛው ጣልቃ ገብነቱ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር በራሱ ግምት ወስኖ ሯጮቹን ያስቀምጣል። እዚያ ላይ ግምት ተፈቅዶልኛል። ነጥራ ከአጥር በላይ ለወጣች ወይም በአጥር ሥር ላለፈች ኳስ ግን መጽሐፉ የሚሰጠው ሁለት ቤዝ ነው፤ «እንደ ዳኛው ግምት» የሚል ቃል የለበትም። ሁለት አውት ኖሮ ከአንደኛ ቤዝ የተነሳ ሯጭ በትልቁ ሊግም ቢሆን ሦስተኛው ላይ ይቆማል። እዚያም አሰልጣኞች ይበግናሉ፤ ዳኛው ግን ያስቆመዋል። የዋርካውን ደንብ የቀዳነው ከዚሁ ነው። ሕግ አውጪዎቹ ግምት ሲፈልጉ ግምት ብለው ጽፈዋል፤ ሳይፈልጉ ሲቀሩ ቁጥር ጽፈዋል። ቁጥሩን በግምት የምለውጠው በማን ሥልጣን ነው?

የእኔ ፍርድ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ኳሷ በእርግጥ ተቀርቅራለች ወይስ ልጁ ለማምለጥ ብሎ ነው እጁን ያነሳው? እዚያ ድረስ የሮጥኩት ለዚህ ነው። ኳሷ ሣር ላይ ተዘርግታ ባገኛት ኖሮ የልጁ እጅ ምንም አይፈይድም ነበር፤ ሯጩ ገብቷል፣ ነጥቡ ተቆጥሯል እል ነበር። የሆነውን ነገር ማየትና መመርመር የዳኛ ሥራ ነው። ለሆነው ነገር የሚሰጠው ዋጋ ግን ጠዋት ተቆርጧል።

አሰልጣኙ በጽሑፋቸው ያላነሱት አንድ ነገር አለ። የዋርካውን ደንብ ያቀረቡት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። በቤዝቦል ሕግ አንቀጽ 4.05 መሠረት የሜዳ ደንብ የሚያቀርበው ባለሜዳው አሰልጣኝ ነው፤ ተጋጣሚው ከተቀበለ ሕግ ይሆናል፤ ካልተቀበለ ዋናው ዳኛ ይወስናል። ያን ጠዋት ባለሜዳው እርሳቸው ነበሩ። ደንቡንም ያቀረቡት ለክፋት አይደለም። ባለፈው ክረምት ከልጆቻቸው አንዱ ኳስ ለማውጣት ክንዱን እስከ ብብቱ ሥሩ ውስጥ ከትቶ ተቧጥጦ፣ ደም በደም ሆኖ ነበር። እጁን ያጠብኩለት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ «ልጅ ለአንድ ኳስ እጁን አያስቀድም፣ እጁን ያንሳና ይቁም» ብለው ደንቡን አመጡ። ጥሩ ደንብ ነው። ይህን የማነሳው እርሳቸውን ለማሳፈር አይደለም፤ ደንቡ ማንን ለመጠበቅ እንደተጻፈ እንዳንረሳ ነው።

አሁን ቅዳሜ እጁን ያነሳውን ልጅ አስቡት። ሩጫውን አቁሞ፣ ኳሷን ሳይነካ፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ የቆመው «ሁለት ቤዝ ነው» ብለን ስለነገርነው ነው። አምኖን ነው። እጁ ከተነሳ በኋላ «አይ፣ ሯጩ ይገባ ነበርና ነጥቡ ይቆጠራል» ብል የምቀጣው ያመነኝን ልጅ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያ ልጅ ምን ያደርጋል? ክንዱን ይከታል። ሌሎቹም እሱን አይተው ይከታሉ። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይሉ የነበረው ይህን ዓይነቱን ነገር ነው። የአሰልጣኙ ቡድን ቅዳሜ ትልቅ ነገር አጥቷል፤ ያጣው ግን ራሱ በተቀበለው ፍርድ ነው። ሌላው ቡድን ቢያጣ ኖሮ ያለ ፍርድ ነበር።

ጠዋት ስንስማማ የዋርካው ደንብ ማንን እንደሚጎዳ ከሦስታችን አንዳችንም አናውቅም ነበር። ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ፣ ሁለት አውት ሞልቶ፣ ሯጭ እየሮጠ ሳለ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ያኔ የሚነሳ ሐሳብ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ የአንዱ ወገን ሐሳብ ነው። የእኔም ጭምር። እኔ ሯጩ እንዲገባ ፈልጌ ነበር፤ ልጁን ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ። ደንቡ ባይኖር ኖሮ ልቤ ወዴት እንደሚያዘነብል አውቃለሁና ደንቡ ስለነበረ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ነጥብ ወጥነት ነው። «ሁለተኛው ኢኒንግ ላይ ኳስ እዚያው ዋርካ ሥር ስትገባ ዳኛው ዝም ብሎ ጨዋታውን አስቀጥሏል፤ ሰባተኛው ላይ ግን አቆመ። አንድ ዛፍ፣ ሁለት ፍርድ።» ይህ አነጋገር ጆሮ ይስባል፤ የሆነው ግን እንዲህ አይደለም። በሁለተኛው ኢኒንግ ኳሷ የገባችው ከሥሮቹ ዳር ነበር፤ የኋላ ሜዳው ልጅ እጁን አላነሳም፣ በእግሩ ገፍቶ አወጣትና ወረወራት። ደንቡ «ካወጣት ይቀጥላል» ይላል። ቀጠለ። በሰባተኛው እጁን አነሳ፣ ኳሷም ተቀርቅራ ነበር። ቆመ። ዛፉ አንድ ነው፣ ደንቡም አንድ ነው፤ የተለያየው ልጆቹ ያደረጉት ነው። በቺካጎ የሪግሊ ፊልድ ግድግዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1937 የተተከለ ሐረግ አለ፤ ኳስ ቅጠሉ ውስጥ ስትጠፋ የኋላ ሜዳው ተጫዋች እጁን ያነሳል፣ ሁለት ቤዝ ይሆናል። እጁን ከትቶ መፈለግ ከጀመረ ግን ኳሷ በሕይወት አለች፣ ሯጮቹም እስከቻሉ ይሮጣሉ። እዚያም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሐረግ ላይ ሁለት ዓይነት ውጤት ሊታይ ይችላል። ዳኛው ወላወለ የሚል የለም።

ቢሆንም በዚሁ አንቀጽ ውስጥ ስለ ላሟ የጻፉት ልክ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት የተመታች ኳስ ሜዳ ውስጥ የገባ ጥጃ ነካች። ያኔ ጨዋታውን አስቁሜ መቺውን አንደኛ ቤዝ ላይ አቆምኩት። ቅዳሜ በአራተኛው ኢኒንግ ኳስ የላም እግር መትታ ስትመለስ ግን እጄን ዘርግቼ «ቀጥሉ!» አልኩ፤ የአሰልጣኙ ሯጭም ግራ ገብቶት መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ተያዘ። ሁለት ተመሳሳይ ነገር፣ ሁለት ፍርድ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስለ ከብት ጠዋት አልተነጋገርንም ነበር፤ እየገቡ እንደሚግጡ እያየሁ ደንብ ሳላስቀምጥለት ጨዋታ አስጀመርኩ። ሕጉ በመጽሐፍ ያልተጠቀሰ ነገር ሲገጥመኝ እንድወስን ሥልጣን ይሰጠኛል፤ ታዲያ አንዴ የወሰንኩትን በሁለተኛው ሳምንት ማስታወስ ነበረብኝ። እንስሳ በቤዝቦል እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በአንድ የቅድመ ውድድር ጨዋታ ራንዲ ጆንሰን የወረወራት ኳስ መሃል ላይ የምትበር ርግብ አግኝታ ገደለቻት፤ ውርወራው እንዳልተወረወረ ተቆጠረ። እኛ ጋ ደግሞ ላም መኖሯ ከርግብ ይልቅ እርግጥ ነው። ሯጩን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ።

እዚህ ላይ ነው ሦስተኛው ነጥባቸው የሚመጣው። «የላሙን ስሕተት ካወቀ፣ ቢያንስ በዋርካው ሊክሰን ይገባው ነበር» ብለዋል። ጽሑፋቸው ውስጥ ከሁሉ አጥብቄ የምቃወመው ይህን ነው። ምክንያቱም ሐሳቡ ከቅንነት የመጣ ስለሚመስል ብዙ ሰው፣ ብዙ ዳኛም ጭምር፣ ይወድቅበታል። በእግር ኳስም አይተነዋል፤ በመጀመሪያው አጋማሽ የተሳሳተ ፍጹም ቅጣት ምት የሰጠ ዳኛ በሁለተኛው አጋማሽ ለሌላው ቡድን ምክንያት ሲፈልግለት። የቤዝቦል ሕግ መጽሐፍ ለዳኞች በጻፈው አጠቃላይ መመሪያ ላይ ይህን በግልጽ ይከለክላል፦ ዳኛ መሳሳቱ አይቀርም፤ ከተሳሳተ በኋላ ግን ለማካካስ ፈጽሞ አይሞክር፤ እያንዳንዱን እንዳየው ይፍረድ፤ ባለሜዳውና እንግዳው ማን እንደሆነ ይርሳ ይላል። አንድ ስሕተት በሌላ ስሕተት ሲካካስ የሚመጣው ሚዛን አይደለም፤ ሁለት ስሕተት ነው። የሁለተኛው ስሕተት ተጎጂ ደግሞ የመጀመሪያውን ያልሠራ ልጅ ነው። ዋርካው ሥር የቆመው ልጅ ላሟን ሜዳ አላስገባትም።

ጂም ጆይስ የተባለውን ዳኛ ታሪክ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 2010 ዲትሮይት ውስጥ አርማንዶ ጋላራጋ የተባለ ወርዋሪ 26 መቺዎችን በተከታታይ አውት አድርጎ አንድ ብቻ ቀርቶት ነበር። 27ኛውን አውት ቢያደርግ «ፍጹም ጨዋታ» የሚባለውንና በቤዝቦል ታሪክ ጥቂቶች ብቻ የደረሱበትን ክብር ያገኛል። የመጨረሻው መቺ አንደኛ ቤዝ ላይ በግልጽ ተቀድሞ ሳለ ጆይስ «ደርሷል» ብሎ እጁን ዘረጋ። ከጨዋታው በኋላ ምስሉን ሲያይ ተሳስቻለሁ አለ፣ ለጋላራጋም በዓይኑ እንባ ሞልቶ ነገረው። የሊጉ ኃላፊም ውሳኔውን አልቀለበሰም። በማግስቱ ጆይስ እዚያው ሜዳ ሆም ጀርባ ቆሞ ሲዳኝ የቡድኑን ስም ዝርዝር ይዞ የመጣለት ራሱ ጋላራጋ ነበር። ያ ሰው ያጠፋውን በአፉ ተናገረ፤ በሌላ ፍርድ አልከፈለም። እኔም የላሟን ዕዳ የምከፍለው በቃሌ እንጂ በዋርካው አይደለም።

አራተኛው፣ የአሜሪካ ነገር። አሰልጣኙ ያነሱት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 1983 የሆነውን ነው፤ ጥሩ ምሳሌ ስለሆነ በቁም ነገር ልመልስ። ጆርጅ ብሬት የተባለ የካንሳስ ሲቲ መቺ በኒውዮርክ በዘጠነኛው ኢኒንግ ሁለት ነጥብ ያስገኘ ሆምረን መታ፤ ቡድኑ 5 ለ 4 መራ። የኒውዮርኩ አሰልጣኝ ወጥቶ «ዱላው ላይ የተቀባው የጥድ ሙጫ በዛ» አለ። ሕጉ ሙጫው ከዱላው ጫፍ ከ18 ኢንች፣ ማለትም ከ46 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ እንዳያልፍ ይከለክላል። ዳኞቹ ዱላውን ሆም ላይ አጋድመው ለኩት፤ አልፏል። ሆምረኑ ተሰረዘ፣ ብሬት አውት ተባለ። በኋላ ካንሳስ ሲቲ ባቀረበው አቤቱታ የሊጉ ፕሬዚዳንት ሊ ማክፌይል ውሳኔውን ሻረ፤ ከሕጉ መንፈስ ጋር አይሄድም አለ። ጨዋታው ነሐሴ 18 ከቆመበት ቀጥሎ 5 ለ 4 አለቀ።

«እነሆ፣ መንፈሱ ፊደሉን አሸነፈ» ይላሉ አሰልጣኙ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ብናነበው ግን ሌላ ነገር እናያለን። አንደኛ፣ የሻረው ሜዳ ላይ ያለ ዳኛ አይደለም፤ አቤቱታ የመስማት ሥልጣን ያለው አካል፣ ቀዝቀዝ ባለ ቀን ነው። ሁለተኛ፣ ከዚያ በኋላ ሕጉ ላይ የተጨመረው ማብራሪያ ምን ይላል? ዱላው ጥቅም ላይ ከመዋሉ በፊት ተቃውሞ ካልቀረበ፣ በኋላ በሙጫ ምክንያት የተመታው አይሰረዝም። ከመዋሉ በፊት! ከዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ ያተረፉት ትምህርት «ዳኛ እንደ መንፈሱ ይገምት» የሚል አይደለም፤ ተቃውሞ ያለህ ከመምታቱ በፊት ተናገር፣ ከመታ በኋላ አትምጣ የሚል ነው። የጥድ ሙጫው ታሪክ ከእርሳቸው ይልቅ ለእኔ ይመሰክራል።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ስለሚለው ደግሞ ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው፤ ገናን ልጅ ሆኜ ተጫውቻለሁና። አሰልጣኙ ተረቱን የጠቀሱት «ቀልድ ነው፣ ላላ በሉ» ለማለት ነው። ግን ተረቱ የሚለው ይህን ነው? በገና ዕለት ባላገሩም ጌታውም ዱላ ይዞ ይወጣል፤ ሩሯን ሲሻሙ ባላገር ጌታውን ሊገፋው፣ በግጥም ሊሰድበው ይችላል። ጌታው አይቆጣም። ለምን? በዚያ ዕለት፣ በዚያ ሜዳ ማዕረግ እንደማይሠራ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። ይህ እኮ ራሱ የሜዳ ደንብ ነው! ለአንዱ ጌታ ሠርቶ ለሌላው የማይሠራ ቢሆን፣ ወይም ጌታው ሲገፋ «ዛሬስ ይቅር» ቢባልለት ባላገሩ በማግስቱ ግርፋት ይጠብቀው ነበር። ጨዋታው የተቻለው ደንቡ ከማንም ሰው ማዕረግና ንዴት በላይ ስለነበረ ነው። ሜዳውም ቢሆን በሜትር የተለካ አልነበረም፤ እስከዚያ ዛፍ፣ እስከዚያ ጅረት ተባብለው ነበር የሚጀምሩት። ከተጀመረ በኋላ ዛፉን የሚያንቀሳቅስ አልነበረም።

ልጆች ናቸው ለሚለውም መልሴ ከዚህ አይርቅም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሽንፈትን ይረሳል፤ በሳምንቱ ሌላ ጨዋታ አለው። ትልልቅ ሰዎች ቃላቸውን ሲያጥፉ ማየትን ግን አይረሳም።

ዳኛው የተጋጣሚው ቡድን ሰፈር ነዋሪ ነው ለሚለው ብዙ አልልም። እውነት ነው፣ እዚያ እኖራለሁ። ስለ ሰፈሬ የሚጠረጥረኝ ሰው ካለ ደንቡን በግምት እንዳልለውጥ ከእኔ በላይ ሊፈልግ የሚገባው እሱ ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው የሜዳ ደንብ ይቅር፣ በዋናው ሕግ ብቻ እንጫወት፣ ካልሆነም የዋርካው ሥር ይቆረጥ የሚል ነው። የሜዳ ደንብ እንዲኖር ያዘዘው ራሱ ዋናው ሕግ መሆኑን ከላይ ተናግሬአለሁ። ሜዳ ሁሉ አንድ አይደለምና። በፍሎሪዳ የትሮፒካና ፊልድ ጣሪያ ላይ ኳስ የሚነካቸው የብረት መተላለፊያ ቀለበቶች አሉ፤ የትኛው ቀለበት ሆምረን፣ የትኛው በጨዋታ ላይ ያለች ኳስ እንደሆነ ተለይቶ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 1984 በሚኒሶታ ጣሪያ ባለው ሜዳ ዴቭ ኪንግማን ወደ ላይ የመታት ኳስ ጣሪያው ጨርቅ ውስጥ ገብታ ሳትወርድ ቀረች። በሜዳው ደንብ ሁለት ቤዝ ተሰጠው። ቁመቷን አይቶ «ይቺስ አጥሩን ትሻገር ነበር» ያለ አይጠፋም፤ ተቆርጦ የነበረው ግን ሁለት ቤዝ ነው። ዋርካውንስ አንንካው። ተቀያሪዎቹ የሚቀመጡት፣ እናቶች ውኃ ይዘው የሚጠብቁት ጥላው ሥር ነው፤ ከእኛ ጨዋታ በፊትም ነበረ። ዛፉ ባለበት መጫወት እንችላለን፤ ያስቸገረን ዛፉ ሳይሆን የጠዋቱ ንግግራችን ማጠሩ ነው።

የፊታችን ቅዳሜ፣ አሰልጣኝ፣ ሁለቱ ቡድኖች እዚያው ሜዳ ደግመው ይገናኛሉ፤ ባለሜዳውም እርስዎ ነዎት። ጨዋታው ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ይምጡልኝ። በዚህ ጊዜ አሰልጣኞቹ ብቻ ሳይሆን ልጆቹም አብረውን ሜዳውን ይዞራሉ፤ ዋርካው ጋ፣ መንገዱ ጋ፣ ረግረጉ ጋ እየቆምን እንነጋገራለን። ስለ ከብት ያለኝን ሐሳብ ጽፌ አመጣለሁ፦ ኳስ እንስሳ ከነካች በጨዋታ ላይ ናት፤ ላሟ ከኋላ ሜዳው ልጅ ቀድማ የቆመች ከሆነ ግን ውርወራ አላስጀምርም፣ እስክትወጣ እንጠብቃለን። የተስማማነውን በእጄ ጽፌ ለሁለታችሁ አንድ አንድ ቅጂ እሰጣለሁ፤ ሦስተኛውን ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ። የዋርካውን ደንብ መለወጥ ከፈለጉም ያኔ ያቅርቡት። «ሁለት አውት ሲሆን ከአንደኛ ቤዝ የተነሳ ሯጭ ሆም ይግባ» ይበሉ፤ ተጋጣሚዎ እሺ ካለ እጽፈዋለሁ። ከዚያ ኳሷ ሥሩ ውስጥ ተሰክታ የእርስዎው ልጅ ሁለት እጁን ያነሳ እንደሆነም፣ የሌላውን ቡድን ሯጭ ሆም አስገባዋለሁ።